ሦስት አሥራ ስድስተኛ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለእንደራሴያችን

ለክቡር የሚሺጋን ግዛት ምክር ቤት እንደራሴያችን፣

ስለ ልጄ የኮሌጅ ክፍያ በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ ጻፍኩልዎ። ሦስቴም «ስለጻፉልን እናመሰግናለን» የሚል ያው አንድ መልስ መጣልኝ። እንግዲህ በአማርኛ ልሞክረው። እርስዎ ባያነቡት የአገሬ ልጆች ያነቡታል።

ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ነው፤ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች በመንግሥት ኮሌጅ ያለ ክፍያ እንዲማሩ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው፣ አልዋሽም። ግን የጎሳ አባል መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ከደማቸው ቢያንስ ሩቡ የነባር ሕዝብ ደም መሆን አለበት። ሩብ! እኔ ሩብ ሲባል የማውቀው ሥጋ ቤት ነው።

ባለቤቴ ከነባር ሕዝቦቹ አንዱ ከሆነው ከአኒሺናቤ ናት። ልጃችን በእናቷ ጎሳ መዝገብ ላይ አለች፣ መታወቂያም አላት። ጎሳው የሚያየው የማን ልጅ እንደሆነች ነው። አንድ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደብተሯን ዘርግታ ስታሰላ አገኘኋት። እናቷ ሦስት ስምንተኛ፣ እኔ ዜሮ። ለሁለት ሲካፈል ሦስት አሥራ ስድስተኛ። አራት ቢሆን ኖሮ ሩብ ይሞላ ነበር። ቀና ብላ «አባዬ፣ ያጎደልከው አንተ ነህ ማለት ነው?» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። ሒሳቡ ግን ልክ ነበር።

እኛ አገር ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የባለቤቴ አያት ለልጄ ገና ሦስተኛ ቤት ናቸው። በልጅነታቸው የፌደራል መንግሥት እዚሁ ሚሺጋን ውስጥ ለነባር ሕዝቦች ልጆች የከፈተው ማውንት ፕሌዘንት አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር፤ በቋንቋቸው ሲያወሩ ይቀጡ እንደነበር ለባለቤቴ ነግረዋታል። እ.ኤ.አ. በ1934 ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ግዛቱ ግቢውን ከፌደራል መንግሥት ተረከበ፤ በምላሹ የነባር ሕዝቦችን ልጆች ሊያስተምር ቃል ገባ። ያኔ ሩቡን ግቢ ብቻ ልውሰድ አላለም።

ልጄ ነርሲንግ ጀምራለች፣ በብድር። እኔ እሑድንም ሥራ ገብቻለሁ። ክፍያው ቢቀርላት እንኳ ምግብና ኪራይ በእኛ ላይ ነበር፤ እሱን አልጠየቅንም። የጠየቅኩዎ ያንን ሩብ ከሕጉ እንዲያወጡት ነው። ጎሳው «ልጄ ናት» ካለ፣ ግዛቱ ሚዛን ይዞ ምን ያደርጋል?

ያሰላችበትን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ዛሬ ጠዋት ልኬልዎታለሁ። ለእሱም ያመስግኑኝ።

የሦስት አሥራ ስድስተኛዋ አባት