የኅዳር ማር፣ የኮረሪማ ማርሽማሎው

ደሴ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ይይዘኛል እንጂ ሌላ ነገር የለብኝም። ብርዱ ገብቷል። ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በር አያስከፍትም። አባትሽ ጋቢውን ደርቦ ከከሰሉ አጠገብ አይነሳም።

የጠየቅሽኝን የማርሽማሎው፣ የዚያን እንደ ጥጥ የሚለሰልስ ጣፋጭ፣ አሠራር በስልክ ልነግርሽ ስል ኔትወርኩ ሦስቴ አቋረጠን። መለኪያ ደግሞ በጆሮ አይያዝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። ወረቀቱ ከዕቃው ጋር ይደርስሻል።

«ቅጠሉ ሲረግፍ እዚህ ልጆች ሁሉ ማርሽማሎው በእሳት እየጠበሱ ይበላሉ፤ የኔ ልጅ ብቻ ዳር ቆማ ታያለች» ያልሽኝ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከሱቅ የሚገዛውን መከልከልሽ ልክ ነው። ያንን የሚያለመልመው ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከአሳማ። ማሸጊያው ላይ ምንነቱ ካልተጻፈ አትግዢ። አንቺ የላክሽልኝ የከብት፣ ሐላል የሚል ምልክት ያለበት ስለሆነ ልቤን ጥዬ ሠራሁበት።

ሃያ ዓመት ኬክ ቤት ስሠራ ክሬም መትቻለሁ፣ ቶርታ አሳምሬያለሁ። ማርሽማሎው ግን በእጄ አልፎ አያውቅም። አራት ጊዜ ሠራሁት። ሁለቱ ተበላሸ፣ ሁለቱ ማሻአላህ ወጣ። የተበላሸውን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ከሱ ነው የተማርኩት።

የላክሽልኝ አሠራር ስኳሩን 115 ዲግሪ እስኪደርስ አፍዪው ይላል። እኔም ቴርሞሜትሩን ድስቱ ውስጥ ተክዬ 115 እስኪል ጠበቅኩ። መትቼ፣ ትሪ ላይ አፍስሼ አሳደርኩት። ጠዋት ስቆርጠው ቢላው እምቢ አለ። ሲታኘክ እንደ ጫማ ሶል ይጎተታል። ቴርሞሜትሩ ውሸታም ነው ብዬ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። 92 አለ። «ያው፣ ተበላሽቷል! ውሃ በ100 አይደል እንዴ የሚፈላው?» አልኩ። ታናሽ ወንድምሽ ሰምቶ ከጓዳ እየሳቀ ወጣ። «እማ፣ ደሴ እኮ ከባሕር ወለል ወደ 2500 ሜትር ከፍ ያለች ናት። እዚህ ውሃ በ92 ነው የሚፈላው። ቴርሞሜትሩ ልክ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ቶሎም ይተናል። እዚህ ሽሮፑ 115 እስኪደርስ ከቆየሽ ውሃው ከሚገባው በላይ አልቆ ይደርቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ ታፈያለሽ። ከ100 ምን ያህል እንደጎደለ ታያለሽ። የጎደለውን ከ115 ትቀንሻለሽ። ለእኛ 8 ጎደለ፤ ስለዚህ 107 ላይ አወጣሁት። እንደ ጥጥ ሆነ። ቶሮንቶ ሐይቅ ዳር ያለ ዝቅ ያለ አገር ነው፤ የአንቺ ቁጥር ያው 115 አካባቢ ነው። አደራ የኔን ቁጥር እንዳትወስጂ። አክስትሽ ኮምቦልቻ ብትሠራው እንኳ ከኔ ትንሽ ከፍ ማድረግ አለባት።

አሁን አሠራሩ። 21 ግራም ጄላቲን በ120 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በትኚውና አሥር ደቂቃ ተይው፤ ያብጣል። በሌላ ጠለቅ ያለ ድስት 300 ግራም ስኳር፣ 150 ግራም ማር፣ 120 ሚሊ ሊትር ውሃና ቁንጥጫ ጨው ጣዪ። ጠለቅ ያለ ያልኩሽ ማር ሲፈላ እንደ ወተት ገንፍሎ ስለሚወጣ ነው። ካፈላሽው በኋላ አታማስዪው፤ ስኳሩ አሸዋ ይሆንብሻል። ዲግሪው ሲደርስ አውርጂና አንድ ሁለት ደቂቃ አስታግሰሽ ባበጠው ጄላቲን ላይ በቀጭኑ እያንጠባጠብሽ በሚክሰር ምቺው። መጀመሪያ የሻይ መልክ አለው። ከዚያ ክሬም ይሆናል። ከአሥር አሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ነጭ ሆኖ ሦስት እጥፍ ይነፋል። መምቻውን ስታነሺው እንደ ወፍራም ጥብጣብ ከወረደና ምልክቱ ቶሎ ካልጠፋ በቃው።

እናንተ አገር አሠራሩ የበቆሎ ሽሮፕ ይላል። እዚህ ከየት አመጣዋለሁ? ማሩ ግን ሥራውን ይሠራል፤ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይረጋ ይከላከላል። ከላስታ የመጣ ነጭ ማር ሰኞ ገበያ አገኘሁ። አዲስ የተቆረጠ ነው። አደዩ አብቦ፣ ንቡ ጠግቦ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚቆረጠውን ማር ታውቂው የለ? ክዳኑን ስከፍተው ቤቱ ሜዳ ሜዳ ሸተተ። አያትሽ ብርዝ የምትበጠብጥበት ቀን ትዝ አለኝ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ዝንጅብል ነው። ጥሬ ዝንጅብል ጨምቄ ገባ አደረግኩበት። ሲመታ አማረ፤ ሲያድር ግን ውሃ ሆኖ ትሪው ላይ ተኛ። ጥሬ ዝንጅብል ጄላቲኑን ይበላዋል። ፓፓያና አናናስም ጥሬያቸውን እንደዚያው ናቸው። ዝንጅብል ከፈለግሽ ቀቅለሽ ተጠቀሚ፤ ሲፈላ ያ ጉልበቱ ይጠፋል።

ቅመሙን አስቤበታለሁ። ለመጀመሪያው የተሳካ ትሪ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማና ግማሽ ቀረፋ አደረግሁ። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ ልኬልሻለሁ፤ ፈልቅቀሽ ወዲያው ውቀጪው። ተፈጭቶ የከረመ ኮረሪማ ሽታው ሄዷል። ቅመም የሚገባው በመጨረሻው ደቂቃ ነው።

ሁለተኛውን ግን አይቼው ብትቀምሺ ብዬ ተመኘሁ። ቡና አፍልቼ አቦሉን ጠጣን። ቶናውን ቀዳሁና አቀዝቅዤ፣ አጥልዬ፣ ጄላቲኑን በውሃ ፋንታ በሱ አሳበጥኩት። መልኩ የካኪ ጨርቅ የመሰለ፣ ሽታው የጀበና ሆነ። በማግስቱ ቡናው ሲያልቅ ከሰሉ ገና ፍም ነበር። ወንድምሽ አንዱን በስንጥር ሰክቶ ፍሙ ላይ አዞረው። ዳር ዳሩ ሲያር፣ ጠቆር ሲል፣ መሃሉ ሲቀልጥ አየሁ። አባትሽ ጣፋጭ አልወድም ይል አልነበር? ሦስት በላ። ልጅሽን ከዚህ ከሰል አጠገብ አስቀምጬ ባየኋት አልኩ።

እዚያ በዚህ ወር ዱባ ነው የሚወደደው ብለሽኛል። ዱባውን ቀቅለሽ፣ በወንፊት አሳልፈሽ፣ መልሰሽ እሳት ላይ ውሃውን አድርቂው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ተመትቶ ካለቀ በኋላ በማንኪያ ቀስ ብለሽ አዋህጂው፣ ከቀረፋና ከትንሽ ቅርንፉድ ጋር። ብዙ ካደረግሽ ይከብደዋል።

ትሪውን ዘይት ቀቢና እኩል ኮርን ፍላወርና ዱቄት ስኳር ቀላቅለሽ ነስንሺበት። የተመታውን አፍስሺና ከላይም ነስንሺ። ሌሊቱን ይደር። ዘይት በነካ ቢላ ቁረጪውና እያንዳንዱን ጎን በዚያው ዱቄት አንከባልዪው። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢ፤ ያላበዋል። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ክረምት ላይ ብሠራው ኖሮ እርጥበቱ ስለሚያስለቅሰው አያምርም ነበር። የኅዳር አየር ደረቅ ነው፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል።

አንድ ቀን ደግሞ እየመታሁ መብራት ጠፋ። ጄላቲን አይጠብቅም። ወንድምሽ፣ የጎረቤት ልጆችና እኔ በተራ በእጅ መምቻ ሃያ አምስት ደቂቃ መታነው። ክንዴ እስከ ማግስቱ አመመኝ፤ ግን ሆነ።

አሁን ልነግርሽ ወደፈለግሁት ዋናው ነገር ልምጣ። ያ የመጀመሪያው ጥሩ ትሪ ሲቆረጥ የግቢያችን እትዬ ቡና ሊጠጡ መጡ። የጽጌን ጾም ይዘው ስለነበር አልበሉም፤ ግን «ምንድነው ይሄ?» ብለው አንዱን አነሱ። ታውቂያለሽ፣ እኛ ወሎዎች ሁሉን እንካፈላለን፤ የሥጋው ቢላ ግን ሁለት ነው። ለሰርግ እንኳ ለየብቻ ይታረዳል፣ አብሮ ይዘፈናል። ዝም ብዬ «ለፍስኩ ያቆዩት» ማለት እችል ነበር። በዓይን እኮ አጥንት አይታይበትም። አፌ ግን እሺ አላለም።

«እትዬ፣ ይሄ የከብት አጥንት ያለበት ነው። ያረደውም እስላም ነው። አልደብቅዎትም» አልኳቸው።

በጣታቸው ተጭነው ያዩት ነበር። ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ ይነሳል። ሁለት ሦስቴ ተጫኑት። ከዚያ ትሪው ላይ መለሱትና ጉንጬን ሳሙኝ። «ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። የኔን ድርሻ ለልጆቹ ጨምሪላቸው» አሉ።

እንዴት እዚያ ላይ ልተወው? ወንድምሽ አንብቦ እንደነገረኝ የዚህ ጣፋጭ ስም የመጣው ረግረግ መሬት ላይ ከሚበቅል ተክል ነው። ሥሩ ሲቀቀል እንደ ተልባ ውሃ ያሙለጨልጫል። ድሮ ለጉሮሮ መድኃኒት ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ ጣፋጭ ሠሪዎች ያንን ከእንቁላል ነጭና ከስኳር ጋር እየመቱ ይሸጡት ነበር። ጄላቲኑ በኋላ ነው የተተካው። እንግዲያው እንቁላል ነጭ ካለ እትዬም ድርሻ አላቸው ማለት ነው አልኩ።

የቁስቋም ዕለት ጾማቸውን ሲፈቱ ሚክሰሬን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። በሳቸው ቤት፣ በሳቸው ድስት ሠራሁት። የሁለት እንቁላል ነጭ ለየሁ። ጎድጓዳውን ሳህን በሎሚ ጠረግሁት፤ ጠብታ ስብ ካለበት እንቁላሉ አይነፋም። 200 ግራም ማር ያንኑ 107 እስኪደርስ አፍልቼ በሚመታው ነጭ ላይ በቀጭኑ ለቀቅሁት። ትኩስ ማሩ እንቁላሉን ያበስለዋል። ይሄኛው አይቆረጥም፤ እንደ ክሬም ነው የሚቀረው። ድፎ ዳቦ ላይ ቀብተው ኮረሪማ ነሰነሱበት። በሉና «ወይኔ ልጄን!» አሉ፤ አንቺን ማለታቸው ነው። ልጃቸው ነሽና «ቀምሳው በሄደች ኖሮ» አሉ። ከኅዳር 15 ሌላ ጾም ስለሚገባ በነዚህ ጥቂት ቀናት ውስጥ አንዴ ልድገምላቸው ብያለሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ የልጅሽን ጓደኞች ስትጠሪ ለእናቶቻቸው ምን እንዳለበት አስቀድመሽ ንገሪ። የከብት የማይበላ ይኖራል፣ ሥጋ ጨርሶ የማይነካም ይኖራል። ለነሱ የእትዬን ዓይነት ሥሪ። እንቁላልም የማይበላ ካለ ፍራፍሬ ቆርጠሽ አስቀምጪለት እንጂ ዳር ቆሞ የሚያይ ልጅ አይኑር። ልጅሽ ዳር መቆምን ታውቀዋለች።

ሌላ አደራ አለብኝ። ትንሿ ገና ዓመት አልሞላትም። ማር አታስቀምሺያት፣ በጣትሽ ጫፍም ቢሆን። ሕፃን ሆድ ውስጥ ማር መርዝ ሊሆን ይችላል፤ የሚበስለውም ቢሆን አይታመንም። እኛ ድሮ ሳናውቅ እናልስ ነበር፣ አላህ ጠብቆልን ነው። ለትልቋም ስትሰጫት ትንንሽ አድርገሽ ቁረጪ፣ ቁጭ ብላ ትብላ። ከእሳት ሲወጣ ደግሞ መሃሉ ያቃጥላል፤ አቀዝቅዢላት።

ዕቃው ውስጥ ኮረሪማ፣ ቀረፋ፣ አንድ ኪሎ የተቆላ ቡናና በቆርቆሮ የታሸገ ማርሽማሎው አለ። የቡናው ዓይነት ነው። መንገድ ላይ ከተጣበቀ ዱቄት ስኳር ነስንሺበት፣ አይጣልም።

አብሽሪ፣ መጀመሪያ ቢበላሽብሽ አትናደጂ። ግን ከመጀመርሽ በፊት ውሃ አፍልተሽ ቴርሞሜትሩ ስንት እንዳለ ጻፊልኝ። አባትሽ ድፍን 100 ይላል። ወንድምሽ ከ100 ትንሽ ያንሳል ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ካንቺ መልስ እስኪመጣ ሁለቱም ዝም አይሉም።

እናትሽ