120 ዋቱን ስለመተው፤ ለአባዬ

ከደሴ፣ ሆጤ
ይድረስ ለአባዬ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም አባዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርዱ ብቻ ነው ያስቸገረን፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ እስከ ረፋድ አይገለጥም።

በስልክ «ያ ስንት ዓመት የምታወራለት የጊታር ማጉያ፣ ትገዛዋለህ ወይስ ትተወዋለህ?» ያሉኝ ነገር በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው የምጽፍልዎ። ቫልቭ (ያ በድሮ ራዲዮ ውስጥ እየጋለ የሚሠራው የብርጭቆ አምፖል) እና ትራንስፎርመር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ሒሳቡን በቁጥር አስቀምጬዋለሁ፣ የሳትሁት ካለ ያርሙልኝ።

የልቤ ማጉያ ፒቪ 6505 ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 «5150» ተብሎ ከጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ጋር የወጣው፣ በኋላ ስሙ የተቀየረው። ፊቱ ላይ 12ኤኤክስ7 የሚባሉ አምስት ትንንሽ ቫልቮች፣ መውጫው ላይ 6ኤል6ጂሲ የሚባሉ አራት ትልልቅ፣ ጉልበቱ 120 ዋት። ግን ያ የምወደው ሻካራ፣ ረጅም ድምፅ የሚወጣው ከአራቱ ትልልቆች አይደለም፤ ከትንንሾቹ ነው። አንዱ ትንሽ ቫልቭ ሁለት የማጉያ ደረጃ ይይዛል፣ አንዱ ደረጃ ምልክቱን ከ50 እስከ 60 እጥፍ ያሳድገዋል፤ ሦስት አራት ደረጃ ሲከታተል የሞገዱ ራስና እግር ይቆረጣል። ከደረጃዎቹ አንዱ ደግሞ ካቶዱ (ሲሞቅ ኤሌክትሮን የሚለቀው የቫልቩ ክፍል) ላይ እንደ ወትሮው 1.5 ኪሎ ኦም ሳይሆን 39 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለው። ቫልቩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ስለሚሠራ የሞገዱን አንድ ጎን አስቀድሞ ይበላዋል። እርስዎ ራዲዮ ውስጥ 39 ኪሎ ኦም ቢያገኙ «ይህን ማን አበላሸው?» ነበር የሚሉት። እዚህ ግን ሆን ተብሎ ነው።

እንግዲህ ትልልቆቹ የሚጨምሩት ጩኸትና የቤዙን ጥንካሬ ከሆነ፣ 120 ዋት ለምን? ከ20 ዋት ወደ 120 መውጣት ወደ 8 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ እንኳ አይሞላም። ሴለስቲየን ቪንቴጅ 30 የሚባለው ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል ይሰጣል። በዚያ መጠን ጆሮ ሳይጎዳ በቀን የሚችለው 15 ደቂቃ ነው፣ በ1 ዋት! ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ከማጉያው በፊት የሚንቀጠቀጠው ቆርቆሮው ነው፤ ሰው ድምፁ ተበላሸ ብሎ ቫልቭ ይቀይራል፣ ጥፋቱ የላላ ምስማር ሆኖ ይገኛል።

መብራቱ ነው ዋናው። በቅናሽ የሚገኘው አብዛኛው ከአሜሪካ በሰው እጅ የመጣ ነው፤ ጀርባው ላይ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። «መቀነሻ ትራንስፎርመር ግዛና ሰካው» ይባላል፤ መቀነሻው ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። የእኛ 50 ነው። ለ60 ብቻ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር በዚያው ቮልት በ50 ሲሠራ ኮሩ (መሐሉ ያለው ብረት) የሚሸከመው መግነጢስ በ20 በመቶ ይጨምራል። ብረቱ ከጠገበ ጭነት ሳይኖረው እንኳ ይግላል፣ እምም ይላል። መቀነሻው 110 ብቻ ቢያወጣ ጭማሪው ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፤ ግን ለማሞቂያው (ካቶዱን ለሚያግለው ፊላመንት) 6.3 ይደርስ የነበረው 5.8 ቮልት ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ይህ ነው፦ ጀርባው ላይ «50/60» እና 220 ወይም 230 ያልተጻፈበት፣ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስደውም።

ትክክለኛው ቢገኝም የሶኬቱ ቮልት አይረጋም። ለ220 የተሠራው ማታ 180 ሲደርሰው ማሞቂያው 5.2 ገደማ ይሆናል፤ ካቶዱ በቅጡ ሳይሞቅ ከረንት ሲጠየቅ ቶሎ ያረጃል። ወደ 250 ሲዘል 7.2 ይሆናል፤ ያኔ የሚያጥረው የፊላመንቱ ዕድሜ ነው። 1,000 ቪኤ ስታቢላይዘር የግድ ነው፣ ያውም በሞተር የሚያስተካክለው። በሪሌ የሚሠራው ቀጭ ባለ ቁጥር በስፒከሩ ይሰማል። መብራት ከሄደ ደግሞ ማጉያውን ወዲያው ማጥፋት፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ማብራት፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው።

አርዙን ነገር ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም፤ ግን ይህ ዕቃ ከራዲዮ ይለያል። የጊታሩ ክር በገመዱ በኩል ከማጉያው ሻሲ (የብረት አካሉ) ጋር የተያያዘ ነው። አርዝ ከሌለና ውስጥ አንድ ነገር ከሻሲው ጋር ከተነካካ፣ 220ው በጣት ነው የሚያዘው፤ ማይክሮፎን በከንፈር ሲነካ ደግሞ መውጫ አገኘ ማለት ነው። በቴስተር ፌዝና አርዝ መካከል 220 ገደማ፣ ኒውትራልና አርዝ መካከል ከጥቂት ቮልት ያልበለጠ ሊነበብ ይገባል። በፌዝና በአርዝ መካከል 70 ወይም 110 እያለ የሚዋልል ከሆነ ሶኬቱ ላይ ያለው የአርዝ ቀዳዳ ጌጥ ነው። ባለ ሁለት እግር ዲቫይደር ያንኑ ያደርጋል።

አንድ የደሴ ጉዳይ አለ። እዚህ ወደ 2,500 ሜትር ነን፤ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ዕቃ እስከ 2,000 ሜትር ታስቦ ነው የሚሠራው። ሳሳ ያለ አየር ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ሙቀት በደንብ አይወስድም፣ ብልጭታንም ቶሎ ያሳልፋል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ስለሆነች እናንተ ጋ ቢቀመጥ ይሻለዋል (ጎረቤቶችዎ ይህን ሐሳብ እንዳይሰሙ)። ስለዚህ ከኋላው ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ክንድ መራቅ አለበት፤ ጭንቅላቱ ላይም ጨርቅ አይጣልም።

ብልጭታው የሚመጣው በተለይ ስፒከር ሳይሰካ ሲበራ ነው። መውጫ ትራንስፎርመሩ ጭነት ካጣ ፕሌቱ (ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው የቫልቩ ክፍል) ላይ የሚነሳው ቮልት ብዙ እጥፍ ይሆንና በቫልቩ ሶኬት እግሮች መካከል ይዘላል፤ የተቃጠለው ባኬላይት ከሰል ሆኖ ከዚያ በኋላ ራሱ መንገድ ይሆናል። የስፒከሩ ካቢኔት 16 ኦም ከሆነ የማጉያው መምረጫ 16ቱ ላይ፣ 8 ከሆነ 8ቱ ላይ ይሁን። ገመዱም የስፒከር ገመድ እንጂ የጊታር ገመድ አይሆንም፤ የጊታሩ ቀጭን ነው፣ ግሎ ይበጠሳል፣ ያኔ ያው ያለ ጭነት ቀረ ማለት ነው።

ስለ ቅኝቱ ጠይቀውኝ ነበር። ዲስቶርሽን (ያ ሞገዱን የሚቆርጠው ሻካራነት) ሁለት ኖታ አብሮ ሲመታ የሁለቱን ልዩነት ሦስተኛ ድምፅ አድርጎ ያወጣዋል። 110 እና 165 ኸርዝ ቢመቱ 55 ይወለዳል፤ ከዝቅተኛው በትክክል አንድ ኦክታቭ በታች ስለሆነ ድምፁ ይወፍራል። በአምባሰል ግን መነሻውና ሁለተኛው ኖታ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚራራቁት፤ 220 እና 233 አብረው ቢመቱ የሚወለደው 13 ኸርዝ ነው። ያ ኖታ አይደለም፣ መንቀጥቀጥ ነው። አንቺ ሆዬም እንዲሁ ያስቸግራል። ስለዚህ በእነዚህ ቅኝቶች በአንድ ክር ብቻ መሄድ፣ ሁለት ክር ካስፈለገ ጌይኑን (የሻካራነቱን ማስተካከያ) ወደ 3 ማውረድ። የክራር ምት ለመምሰል የሚሞክር ሰው ይህን ካላወቀ ጥፋቱን በማጉያው ላይ ያላክካል።

ቫልቭ የሌለው ዲጂታል ማጉያስ? ክብደቱ ቀላል ነው፣ በጆሮ ማዳመጫ ይሠራል፣ መብራት ቢዋዥቅ ግድ የለውም። ቤት ውስጥ ብቻ ለሚጫወት ያንን እመክራለሁ። ግን ቦርዱ ከሞተ የሚጣል ነው። የቫልቩን ማጉያ ግን እርስዎም እኔም ከፍተን ልንጠግነው እንችላለን።

በዚህ ሁሉ ምክንያት 6505ቱን ትቼዋለሁ። በዚያ ላይ ባያሱ (ቫልቩ ያለ ምልክት ስንት ከረንት እንደሚያሳልፍ የሚወስነው ቮልት) ቁርጥ ነው፣ ማስተካከያ የለውም፤ አራት የተመሳሰሉ ቫልቮች በየጊዜው መፈለግም አለ። ያሰብሁት ማርሻል ስቱዲዮ ክላሲክ ኤስሲ20 ነው፤ የ1981ዱ ጄሲኤም800 ትንሽ ወንድም፣ ኢኤል34 የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ቫልቮች፣ 20 ዋት፣ ወደ 5 የሚወርድ። ጌይኑ ከ6505 ያነሰ ነው። ይህን ለመሙላት ከፊቱ ቲዩብ ስክሪመር ፔዳል ይገባል፦ ድራይቩ 0፣ ሌቭሉ ከፍ። ቤዙን አስቀድሞ ስለሚቀንስ ወፍራሙ ክር አይዝረከረክም።

ከመክፈሌ በፊት ሻጩ የውስጡን ፎቶ ይልክልኛል፤ የሬዚስተሩ እግር ቦርዱን አልፎ ካልወጣ በእጅ ለመጠገን ስለሚያስቸግር እንደገና አስባለሁ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ስፒከር ተሰክቶ 10 ደቂቃ ይበራ። የካቶዱ ብርቱካናማ ፍም ደግ ነው፣ ብርጭቆው ላይ የሚታይ ሰማያዊም ችግር የለውም፤ ፕሌቱ ራሱ ከቀላ ግን ወዲያው ይጠፋል፣ ባያሱ ሄዷል። አናቱ ላይ ያለው የብር መስተዋት ወተት መስሎ ከነጣ አየር ገብቷል። ትንንሾቹን በእርሳስ ጀርባ ቀስ ብሎ መንካት፤ በስፒከሩ ኳ ብሎ የሚያስተጋባ ካለ የመጀመሪያው ቦታ ላይ አይቀመጥም። ኢኤል34ቱን ስቀይር የፕሌቱ ቮልት 400 ቢነበብ፣ 25 ዋት በ0.7 ተባዝቶ ለ400 ሲካፈል ለአንዱ ቫልቭ 44 ሚሊ አምፔር ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ አልወጣም።

መለዋወጫውን አብሬ ነው የምገዛው፦ አንድ ጥንድ ኢኤል34፣ 3 ኢሲሲ83 (የ12ኤኤክስ7 ሌላ ስሙ)፣ 10 ፊውዝ። ቫልቭ የሚሠራ ፋብሪካ በዓለም ጥቂት ነው፤ ስሎቫኪያ ያለው ጄጄ፣ ሳራቶቭ ያለው የሩሲያው፣ ቻይናም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያው ሲስተጓጎል ዋጋው እንዴት እንደናረ ሰምተው ይሆናል። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ቫልቮቹ ተነቅለው ለብቻ በጨርቅ ይጠቀለላሉ፤ ያ 400 ኪሎ ሜትር፣ ጣርማበርም አለበት።

አሁን ከእርስዎ የምፈልገው ይህ ነው። ካፓሲተሮቹ ማጉያው ከጠፋ በኋላም አደገኛ ቮልት ይዘው ስለሚቆዩ ማፍሰሻ መሥራት አለብኝ። በዚያ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ 10 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት የሽቦ ሬዚስተር ካለ ለይተው ያስቀምጡልኝ፤ የድሮውን አቮሜትርም ባትሪውን አውጡለት፣ አሲድ እንዳያፈስበት። ቅዳሜ ስወርድ እወስደዋለሁ። ለእማዬ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ