ለእማዬ፣ ስለ ሳሎኑ ተማሪዎች

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ አምስተኛ ክፍል ገብቷል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ታፏጫለች፤ በስልክ የምትልሽ አልሰማ ያለሽ ለዚያ ነው። ለገና ይዘናቸው እንመጣለን።

ቤትሽ ሳሎን ውስጥ፣ የምታስጠኚያቸው ተማሪዎች ፊት ተዝለፍልፈሽ መውደቅሽን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። አንቺ በስልክ ‹ትንሽ ደከመኝ› ነበር ያልሽኝ። እህቴ እታለምም ሱቋ እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ሆኖ ከሰው አፍ ነው የሰማችው። እንዲህ አይደረግም፣ እማዬ።

የወደቅሽበት ምክንያት ግልጽ ነው። የማታውን የስኳር በሽታ መርፌ በሰዓቱ ትወጊያለሽ፣ ልጆቹ ይመጣሉ፣ እራትሽ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ኢንሱሊኑ ግን አይጠብቅሽም። ከተወጋሽ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምግብ ካላገኘ ስኳርሽን ያወርደዋል። እንግዲህ ልጆቹ ሳይሄዱና እራቱ ሳይቀርብ መርፌውን አትንኪው፤ መጠኑን ግን ሐኪሙ ሳያውቅ አትቀንሺ። ላብ ካጠመቀሽ ወይም እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ሦስት የሻይ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ። ሩብ ሰዓት ጠብቀሽ ካልተሻለሽ ድገሚው፣ ከዚያ እህል ቅመሺ። ለትልልቆቹ ልጆችም አሳዪያቸው፦ ራስሽን ከሳትሽ አፍሽ ውስጥ ምንም ነገር አያድርጉ፣ በጎንሽ ያስተኙሽ፣ ሮጠው ሰው ይጥሩ። መድኃኒቱን ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ መስኮቱ ሥር አታኑሪው። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ ቢሟሟም አይሠራም።

ትምህርቱን ተዪ አልልሽም። መቆም የለበትምና። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ናቸው። ኩረጃው ሲቀር ከሥሩ የነበረው ጉድለት ታየ። ሰው ሁሉ ስለ 12ኛ ክፍል ያወራል እንጂ ልጁ የጠፋው ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ላይ፣ ማንበብና መቀነስ ላይ ነው። በ2012 ኮሮናው፣ ከዚያ ጦርነቱ ተጨምሮበት ስንት ወር ትምህርት ቤት ያልረገጠ ልጅ አለ። ከቀዬው ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን የገባው ልጅ፣ የቀን ሠራተኛው ልጅ፣ እናቱ ጉሊት የምትቸረችርለት ልጅ ቲቶሪያል የሚከፍልለት የለውም። ያለው ያንቺ ሳሎን ነው። ስለዚህ አሠራሩ ይስተካከል፤ እዚህ አዲስ አበባ ቀን በቀን የምንሠራው ይህንኑ ስለሆነ በዝርዝር ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይሪው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ስለሆነ የጠዋት ፈረቃዎቹን ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ አንድ፣ የከሰዓቶቹን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጥሪያቸው። እስካሁን በማታ መሆኑ ሴቶቹን ነው የጎዳው። ውሃ ቀድተው፣ ወጥ ሠርተው፣ በጨለማ ብቻቸውን ሲመለሱ እናት ትሰጋለች፣ ከዚያ ታስቀራለች። የቀረች ልጅ ደግሞ ‹ሰነፈች› ትባላለች። በብርሃን ሲሆን አንቺም እራትሽን በሰዓቱ ትበያለሽ።

ቀጥሎ በክፍል መመደቡን ተዪው። በሙምባይ የድሃ ሰፈሮች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ፕራታም የተባለው ድርጅት ያስፋፋው መንገድ ቀላል ነው፤ ልጁ የሚመደበው በክፍሉ ሳይሆን በሚችለው ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አሥር ፊደል አስነቢው፤ ‹ቧ› እና ‹ጓ›ን የመሰሉት አይቅሩ። ከዚያ አምስት ቃል፣ ከዚያ አራት ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ፣ ከዚያ አጭር ታሪክ። የተያዘበት ቦታ መነሻው ነው። ይህን ለብቻው፣ በረንዳው ላይ አድርጊው። ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ያለች እህቱ እየሰማችው ፊደል ከሳተ በማግስቱ አይመጣም።

ለሒሳቡም እንዲሁ ነው። ከ402 ላይ 178 ቀንስ በይው። ብዙዎቹ 376 ብለው ይጽፉልሻል። ልጁ ግድየለሽ ሆኖ አይደለም። በአንዱም፣ በአሥሩም፣ በመቶውም ቤት ትልቁን ፈልጎ ትንሹን ቀንሶለታል፤ ከ8 ላይ 2፣ ከ7 ላይ 0፣ ከ4 ላይ 1። መበደር አልገባውም፣ በተለይ መሐል ላይ ዜሮ ሲመጣበት። ‹ደግመህ ሥራ› ቢባል ያንኑ 376 ይደግመዋል። ከካርቶን የመቶ፣ የአሥርና የአንድ ብር ቆርጠሽ አራት መቶ ከሁለት ብር አስይዥውና ‹178 ክፈለኝ› በይው። ዝርዝር እንደሌለው ራሱ ያየዋል። አንዱን መቶ ወደ አሥር ባለአሥሮች፣ ከነሱ አንዱን ወደ አሥር ባለአንዶች ይመነዝራል፤ ሦስት መቶ፣ ዘጠኝ አሥር፣ አሥራ ሁለት አንድ ይሆንለታል። ሲከፍል 224 ይተርፈዋል። በእጁ የመነዘረውን እያንዳንዱን እርምጃ ወዲያው ወረቀት ላይ ያስፍረው፤ ካላሰፈረው ብሩ ሲነሳ ዕውቀቱም አብሮ ይነሳል። ጉሊት የሚቀመጡት ልጆች መልስ በቃል ሲያሰሉ ከእኔና ካንቺ ይፈጥናሉ፤ የሚያውቁት ነገር ከደብተሩ ጋር አልተገናኘላቸውም እንጂ።

ዘጠነኛ ክፍል የገቡት ችግራቸው ሌላ ነው። ከአማርኛው በቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። 12 ለ18ን ወደ 2 ለ3 ማሳጠር የሚችል ልጅ ‹ሲምፕሊፋይ› የሚለው ትእዛዝ ምን እንደሚጠይቀው ስላላወቀ ባዶውን ይሰጣል። የትእዛዝ ቃላቱን ብቻ የሚይዝ ትንሽ ደብተር ይኑራቸው፣ በሳምንት አምስት ቃል፣ ከነምሳሌው።

አንድ አስጠኚ ከአራት ልጅ በላይ አይያዝ። በሳምንት ሦስት ቀን ይገናኙ፣ አስጠኚውም አይቀያየር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎበዞች ናቸው፤ ግን ፈተና ሲደርስ ይጠፋሉ፣ ሲመረቁ ይሄዳሉ። የሰፈሩን የአሥረኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ያዢ። የአሥራ ሁለተኛውን ለራሱ ፈተና ተዪው። በወር ትንሽም ቢሆን ይከፈላቸው፤ በነፃ የመጣ ልጅ የቀን ሥራ ባገኘ ዕለት ይቀራል፣ ሊወቀስበትም አይገባም። ክፍያውን እኔ እልካለሁ። መጀመሪያ አንቺ ስታስተምሪ እሱ ይይ፣ ቀጥሎ እሱ ሲያስተምር አንቺ እዪ፣ ከዚያ ልቀቂው። ስታዪ ሌላውን ሁሉ ትተሽ እርሳሱ በማን እጅ እንዳለ ተመልከቺ። አስጠኚው ከያዘው የሚማረው አስጠኚው ነው። የቤት ሥራም ሰዓቱን ሁሉ እንዳይበላው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለጉድለቱ፣ የቀረው ለቤት ሥራው ይሁን። በሩ ክፍት ይሁን፣ አንድ አስጠኚ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይዘጋ፣ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። ቆሎውንም ከትምህርቱ በፊት አድርጊው፤ ምሳ ያልበላ ልጅ መጨረሻውን ሲጠብቅ ልቡ እዚያው ቆሎው ላይ ነው።

እማዬ፣ አንድ ነገር ልበልሽ። ለእነዚያ ልጆች ያለሽን ትዕግሥት ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። ያንኑ ነገር አሥር ጊዜ ብትደግሚላቸው አይሰለችሽም። ለእኛ አንዴ ነበር። ከዚያ ‹የመምህርት ልጆች ሆናችሁ!› ነው። የእታለም የስምንተኛ ክፍል ውጤት የመጣ ቀን ያልሽውን አንቺ ረስተሽው ይሆናል፤ አባባ እንኳ ‹ተይ እንጂ› ብሎሽ ነበር። እሷ አልረሳችውም፣ እኔም አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ከሱቁ የዱቤ ደብተር በቀር ደብተር አላነሳችም። እየወቀስኩሽ ነው፣ አዎ። አንቺን የሚያህል መምህርት በዚያ ሰፈር አልነበረም፤ ያ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሰኔ ላይ ያንቺም ልጆች ካርድ ይዘው ይመጣሉና ይህን አደራ እልሻለሁ። የወደቀ ልጅ ሲመጣ ከወንድሙም ከጎረቤትም አታወዳድሪው። ወረቀቱን አብራችሁ እዩ፣ ‹የትኛው ላይ ነው የያዘህ?› በይው፣ የያዘውን ጻፊለት፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ እዚያው ቁረጪለት። ቀጠሮ ሳይዝ ከቤትሽ የወጣ ልጅ ላይመለስ ይችላል።

ልጅ አንድ ሰው ‹አለሁልህ› ካለው በኋላ ሲቋረጥበት ከበፊቱ ይብሳል። ታዳጊዎችን የሚያማክሩ በጎ ፈቃደኞችን የተከታተለ እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ዓመትና ከዚያ በላይ አብረው የዘለቁት ልጆች በብዙ ነገር ተሻሻሉ፤ በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት ወረደ። ለዚህ ነው የምፈራው። ያ ሁሉ ልጅ የተንጠለጠለው በአንቺ ላይ ብቻ ነው። ቁልፉ ያንቺ፣ ስም ዝርዝሩ በራስሽ ውስጥ፣ የየወላጁ ስልክ ባንቺ ቀፎ። አንድ ሳምንት ብትተኚ የሚከፍት የለም። ከሳምንት ቢያልፍስ? ከዚያም ቢያልፍ... ይህን መጻፍ ስለሚከብደኝ ነው ደጋግሜ ወደ ስኳሩና ወደ ሰዓቱ የምመለሰው። አንቺ ሳትኖሪም ልጆቹ በዚያ በር እንዲገቡ እፈልጋለሁ። አንቺ እያለሽ ይጀመር፤ አይተሽ እንድታርሚው።

መዝገብ ይከፈት። ለአንድ ልጅ አንድ ገጽ ይሁን፤ ስም፣ የአሳዳጊ ስልክ፣ ሲመጣ የተያዘበት ቦታ፣ ከዚያ አስጠኚው በየዕለቱ የሚጽፋት አንድ መስመር፦ ዛሬ ምን ሠራ፣ ምን ላይ ቀረ። በየሁለት ወሩ ያንኑ የአምስት ደቂቃ ምዘና ድገሚው፣ ያለፈ ልጅ ቡድን ይቀይር። ሁለት ጊዜ ተመዝኖ ከቦታው ያልተነቃነቀ ልጅ ካለ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪ፤ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ሰነፍ ሲባል የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። እስከ ጥር አንቺ ተቀምጠሽ ተቆጣጠሪ፣ ከየካቲት ጀምሮ ምዘናውን ብቻ ያዢ። ቁልፉ ሁለት ይሁን።

መዝገቡንና ሁለተኛውን ቁልፍ ለእታለም ስጫት።

ገና ሳትጨርሺ ‹እሷ ምን ታውቃለች› እንደምትዪ ይገባኛል። ማስተማር የእሷ ሥራ አይሆንም፤ እሱን አስጠኚዎቹ ይሠሩታል። የሚያስፈልገው ማን ቀረ ብሎ የሚያስታውስ፣ የቀረውን ልጅ እናት ጉሊት ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ፣ ሒሳብ የማያዛባ ሰው ነው። የሰፈሩን እናቶች ሁሉ በዱቤው ታውቃቸዋለች፣ የማን ባል ሥራ እንደፈታ፣ የማን የቤት ኪራይ እንደጨመረ ከሁሉ በፊት የምትሰማው እሷ ናት። ልጅ ትምህርት የሚያቆመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ነው።

አንቺ ራስሽ ጠይቂያት። በእኔ በኩል ከመጣ እምቢ ትላለች። ‹ካልቸገረሽ›ም አትበዪ፣ ‹እፈልግሻለሁ› በያት።

ሐኪም ቤት የምትሄጂበትን ቀን ጻፊልኝ። ዓይንሽንም አብረው ይዩልሽ፤ የልጆቹን ደብተር ወደ መስኮቱ አስጠግተሽ እንደምታርሚ ሰምቻለሁ።

ልጅሽ
ከአዲስ አበባ