አምበሉ ለምን ተጠባባቂ ሆነ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ገጽ ላይ አንድ አንባቢያችሁ ደጋፊ በአሰልጣኝ አሰላለፍ ውስጥ እጁን ማስገባት እንደሌለበት፣ ድርሻው ትኬት ገዝቶ ማጨብጨብ ብቻ እንደሆነ ጽፈዋል። ለምሳሌ የጠቀሱትም እንግሊዝን ነው፤ እዚያ አሰልጣኝ ይከበራል፣ ጊዜም ይሰጠዋል ብለዋል። ጽሑፋቸውን ያነበብኩት የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ፣ አውቶቡሴን ካስረከብኩ በኋላ ነው። የምኖረው እሳቸው በጠቀሱት አገር፣ በደቡብ ለንደን ነው። ላለፉት 12 ዓመታት ቅዳሜዬን የምሰጠው ከፕሪሚየር ሊጉ ስድስት እርከን ዝቅ ብሎ ለሚጫወት የሰፈራችን ክለብ ነው። በሜዳችን ስንጫወት መግቢያው በር ላይ ቆሜ ገንዘብ የምቀበለው እኔ ነኝ፤ የማገለግለውም በነጻ ነው። ዘንድሮ በአሰልጣኛችን ጉዳይ ሳልከራከር ያለፈኝ ሳምንት ስለሌለ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እንግሊዞች ከአራቱ ፕሮፌሽናል ዲቪዚዮኖች በታች ያለውን ሁሉ «ኖን ሊግ» ይሉታል። ከላይ ናሽናል ሊግ አለ፤ ቀጥሎ የሰሜንና የደቡብ ናሽናል ሊጎች ይመጣሉ፤ ከእነዚያ ሥር የየአካባቢው ሊጎች አሉ። የእኛ ኢስሚያን ሊግ ይባላል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 የተመሠረተ የለንደንና የደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ሊግ ነው። እኛ ባለንበት የሊጉ ከፍተኛ ዲቪዚዮን 22 ክለቦች በ42 ጨዋታ ይፋለማሉ፤ አንደኛው በቀጥታ ያድጋል፣ ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ያሉት በአንድ ቦታ ላይ ይሻማሉ፣ አራቱ ይወርዳሉ። እኛ እስከ ገና አራተኛ ነበርን። ስንጨርስ አሥራ አንደኛ ሆንን። ጠቡ ከዚህ ይጀምራል።

በር ላይ የቆመ ሰው ብዙ ያያል። የካቲት ላይ አንድ ማክሰኞ ማታ ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። ጨዋታው የሚጀመረው ከምሽቱ 1፡45 ነው፤ 12፡30 ላይ በበሬ ያለፉት ተጫዋቾች ግን ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። አሰልጣኙ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከፊቴ ይመላለሳል። እሱም ቀን ቀን የዕቃ ማመላለሻ መኪና ይነዳል፤ የድርጅቱን ጃኬት እንኳ አልቀየረም። አንዱ አጥቂ ከሥራ አልወጣም፣ ሌላው ባቡር ተሰርዞበታል። አምበላችን 1፡05 ሲሆን እየሮጠ ደረሰ። የሚያብረቀርቀው ቢጫ የሥራ ሰደርያ ላዩ ላይ ነበር፤ ጫማው ላይ ያለው ሲሚንቶ በዝናቡ ርሶ በየእርምጃው ነጭ ዱካ ይተዋል። ዕድሜው 34 ነው፤ በዚህ ማልያ 11 ዓመት ተጫውቷል፤ የሰፈራችን ልጅ ነው። እጄን ጨብጦኝ ወደ መልበሻ ክፍል ገባ።

አሰላለፉ ሲነገር ስሙ ከተጠባባቂዎቹ መሐል ተጠራ። በቀኝ መስመር ተከላካይነት የገባው ከአንድ ፕሮፌሽናል ክለብ በውሰት የመጣ የ19 ዓመት ልጅ ነው። ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች ያወጡትን ጩኸት እዚህ አልጽፈውም። በዚያ ምሽት ሜዳ የገባው ሰው ከአራት መቶ አይበልጥም፤ አራት መቶ ሰው ባለበት ሜዳ አሰልጣኙ የእያንዳንዱን ቃል ይሰማል። ባለቤቱና ትንሽ ልጁ ከእሱ አሥር እርምጃ ርቀው ነበር የቆሙት።

እኔም ተናድጄ ነበር። ዛሬም አሰልጣኙ አልተሳሳተም አልልም። ግን ስለ አሰላለፍ የሚከራከር ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። የውሰቱን ልጅ ደመወዝ የሚከፍለው የራሱ ክለብ ነው፤ የላኩትም እንዲጫወት ነው። ወንበር ላይ ካስቀመጥከው መልሰው ይወስዱታል፣ ሌላ ጊዜም አይሰጡህም። እንደኛ ላለ፣ በር ላይ ከእያንዳንዱ ተመልካች በሚሰበሰብ 14 ፓውንድና ከክለቡ መጠጥ ቤት ገቢ ለሚተዳደር ክለብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ የከፋው የሰባት ቀን ማስታወቂያው ነው። ብዙዎቹ ተጫዋቾቻችን ውል የላቸውም፤ የሚከፈላቸው በየሳምንቱ ነው። ውል የሌለውን ተጫዋች የፈለገ ክለብ ለእኛ የሰባት ቀን ማስታወቂያ በጽሑፍ ይልካል፤ ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ልጁ ከፈለገ ይሄዳል፣ እኛም አንዲት ፓውንድ አናገኝም። የግራ ክንፍ ተጫዋቻችን በጥር የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ሁለት ልጆች አሉት፤ ከፍ ያለ ክፍያ ባገኘበት ቦታ ቢሄድ ማን ይወቅሰዋል? ከእሱ መሄድ በኋላ በግራ በኩል አንድም ኳስ በወጉ ተሻምቶ አያውቅም፤ ደጋፊው ግን አሁንም አሰልጣኙ ልጁን ሆን ብሎ ያባረረው ይመስል ይወቅሰዋል።

ከመሐላችን 40 ዓመት ሙሉ ጨዋታ ሳያጓድሉ የተከታተሉ አንድ ጡረተኛ አሉ። ደብተር ይዘው ይመጣሉ፤ ማን ተሰለፈ፣ ማን ተቀየረ፣ ማን ካርድ አየ፣ ሁሉንም ይጽፋሉ። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ሲያልቅ ገጾቹን አገላብጠው ዘንድሮ ማልያችንን ከአርባ በላይ ሰዎች እንደለበሱት አሳዩኝ። ነሐሴ ላይ ቋሚ ከነበሩት 11 ተጫዋቾች ሚያዝያ ላይ የቀሩት አራት ናቸው። «ታዲያ ምን ዓይነት አሰላለፍ ነው የምትጠብቁት?» አሉኝ። እሳቸው አሰልጣኙ ይቆይ ከሚሉት ወገን ናቸው፤ እኔም ሐሳቤን የቀየርኩት በዚያ ደብተር ነው ብል አልዋሸሁም።

በየሳምንቱ አርሰናልን የምትከታተሉ አንባቢዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017፣ ትልቁም ትንሹም ክለብ በሚገናኝበት የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ በኤፍኤ ካፕ፣ አምስተኛ ዙር ላይ የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። የያኔው አሰልጣኝ አርሴን ቬንገር ቡድናቸውን ይዘው እዚሁ ደቡብ ለንደን፣ በአምስተኛው እርከን ይጫወት ወደነበረው ሰተን ዩናይትድ ሜዳ መጥተው 2 ለ 0 አሸንፈው ተመለሱ። ሰተን ከዚያ በፊት ሊድስ ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፎ ነበር፤ ሊድስ ብዙ ቋሚዎቹን አሳርፎ ስለመጣ የተሸነፈው ቡድን ደጋፊ ስለ አሰላለፍ ብዙ ተነጋግሯል። በዚያው ዓመት ሊንከን ሲቲ በርንሌይን በራሱ በበርንሌይ ሜዳ አሸንፎ ሩብ ፍጻሜ ገባ፤ ከ1914 ወዲህ ከኖን ሊግ እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ክለብ ነበር። የሊንከን አሰልጣኝ ዳኒ ካውሊ ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ እኛ ሊግ ውስጥ ኮንኮርድ ሬንጀርስን ያሠለጥን ነበር፤ መተዳደሪያው የስፖርት መምህርነት ነበር። ይህን የማነሳው የእኛ ሰው ነገ ሊንከን ይደርሳል ለማለት አይደለም። በዚህ እርከን ያለን አሰልጣኝ ቅዳሜ ማታ በሚወጣ ሰንጠረዥ ብቻ መመዘን የሚያሳስት በመሆኑ ነው።

ሰንጠረዡ ራሱ ጨካኝ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ኖትስ ካውንቲ በናሽናል ሊግ 107 ነጥብ ሰብስቦ ሁለተኛ ወጣ፤ ሬክሳም 111 ስለነበረው። በቀጥታ የሚያሳድገው ቦታ አንድ ብቻ ስለነበረ በ107 ነጥብ ተመልሶ በጥሎ ማለፍ መፋለም ነበረበት፤ እንደ ዕድል ሆኖ አደገ። ባያድግ ኖሮ የዚያን አሰልጣኝ ስም ምን እያሉ ያነሱት ነበር?

አሁን አሰልጣኙን ወደምወቅስበት ጉዳይ ልምጣ። ኤፍኤ ካፕ ለእኛ የሚጀምረው በመጀመሪያው የማጣሪያ ዙር ነው፤ ከፕሮፌሽናል ክለቦች ጋር ለመገናኘት አራት ማጣሪያ ማለፍ ይጠበቅብናል። ዘንድሮ ሦስቱን አለፍን። አራተኛውን ብናልፍ በኅዳር ዋናው ውድድር ውስጥ እንገባ ነበር፤ የሽልማቱ ገንዘብም ለደመወዝ ብዙ ያግዘን ነበር። በዚያ ጨዋታ አምበሉን አስቀመጠው። ተጋጣሚያችን በረጅም ኳስና በማዕዘን ምት የሚጫወት ቡድን ነበር፤ የተዋስነው ልጅ ፈጣን ነው፣ ጎበዝ ነው፣ በአየር ኳስ ግን ከእሱ የሚበልጡ ነበሩ። ሁለቱም ጎሎች የገቡብን በእሱ በኩል፣ በሁለት የማዕዘን ምቶች ነው። ልጁ መልበሻ ክፍል በር ላይ ሲያለቅስ አየሁት፤ አምበሉ አቅፎት ቆሞ ነበር። የውሰት ግዴታ ቢኖርም ለአንድ ጨዋታ፣ ለዚያ ጨዋታ፣ ባለቤት ክለቡን ደውሎ ማስፈቀድ ይቻል ነበር። እኔ ይህን ስሕተት ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

ሁለተኛው ወቀሳዬ ዝምታው ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ አንድ ቀን እንኳ መጠጥ ቤቱ ገብቶ ለምን እንዲህ እንዳደረገ አልነገረንም። የክንፍ ተጫዋቻችንን መሄድ የሰማነው ከተቃራኒ ቡድን ደጋፊ ነው። እዚህ እርከን ላይ የሁለቱን ቡድን ደጋፊ የሚለይ አጥር የለም፤ በእረፍት ሰዓት ሁላችንም ቡድናችን ወደሚያጠቃበት ጎል እንዞራለን። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው «ልጃችሁ እኮ የእኛ ሆነ» ሲለኝ ምን እንደተሰማኝ ለመግለጽ ይቸግረኛል። ሜዳውን ክረምት ላይ ቀለም የቀባነው፣ ማልያ የምናጥበው፣ ሣሩን በረዶ ሲመታው ሽፋን የምናለብሰው እኛ ነን። እንዲህ ያለው ደጋፊ ጥያቄ ሲጠይቅ እጁን በማያገባው ቦታ አስገባ አይባልም።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ስብሰባ ተጠራ። መጠጥ ቤቱ ሞላ። አሰልጣኙ ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ ቆሞ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መለሰ። ስለ ውሰቱ፣ ስለ ሰባት ቀኑ፣ በገና ሰሞን ስለተቀነሰው የደመወዝ በጀት የነገረንን አብዛኞቻችን የሰማነው ያን ቀን ነው። እኔም እጄን አውጥቼ ስለዚያ የኤፍኤ ካፕ ጨዋታ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም ብሎ «ዛሬ ቢሆን አምበሉን አሰልፈው ነበር» አለ። አምበሉ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ምንም አልተናገረም።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ይሰናበት የሚሉት ጥቂት ቀሩ፤ እኔ ይቆይ ከሚሉት ጋር ቆሜያለሁ። የክለቡ ኮሚቴ በሚቀጥለው ማክሰኞ ይወስናል። በእኔ በኩል ሁለት ነገር በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ ሁለት ወይም ሦስት ተጫዋቾች ውል እንዲፈርሙ፣ አሰልጣኙም በወር አንድ ጊዜ መጠጥ ቤቱ መጥቶ ደጋፊውን እንዲያነጋግር። አምበሉ አንድ ዓመት ጨምሮ ይጫወት እንደሆነ ገና አልተናገረም። ትናንት ሜዳው ዳር ሲሮጥ አይቼዋለሁ፤ ብቻውን ነበር።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከደቡብ ለንደን