ሚሚዬ፣ ስለዚያ የባንክ ወረቀት

ጅማ፣ ሐምሌ 12

ውድ ሚሚዬ፣

እንደምን ከርመሻል? አራት ዓመት ሙሉ ጠፍቶ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል። ስልክሽ አሁንም አለኝ። ስንቴ ቁጥሩን አውጥቼ ተመልሼ ዘግቼዋለሁ። ብደውል ቃል ይጠፋኛል ብዬ ስለፈራሁ ነው የምጽፍልሽ።

እኛ ደህና ነን። እናቴን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ስላንቺ መጠየቅ ግን አልተወችም። "ያቺ ልጅ ምነው ጠፋች?" ትለኛለች። መልስ የለኝም። ጅማም እንደምታውቂያት ናት። ክረምቱ ገብቷል፣ ዝናቡ ቀንም ሌሊትም ያወርደዋል፣ አዌቱ ወንዝ ሞልቷል። እኔ አሁንም ቡና ቀማሽ ነኝ። ከሲኒ ሲኒ እየዞርኩ መማግ፣ መትፋት፣ መጻፍ።

ልንሄድ ነው ሚሚዬ። ጣሊያን፣ ትሪየስቴ። ስድስት ሆነን ስለ ቡናና ስለ ደን በሚደረግ ጉባኤ ላይ ልንካፈል። ፋይሉን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። የሳሎኔ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ማኅደር ተደርድሯል። ማታ ማታ አንድ በአንድ እየገለጥኩ አያቸዋለሁ። በገለጥኩ ቁጥር አንቺ ትመጪብኛለሽ።

ከስድስቱ አንዱ ገበሬ ናቸው። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። የጎማ ወረዳ ሰው ናቸው፣ ከአጋሮ ወጣ ብሎ። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ፓስፖርት ያወጡት ገና ዘንድሮ ነው። ጉባኤው ላይ መናገር ያለባቸው ሰው እሳቸው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። የአውሮፓ ኅብረት እንደ ፈረንጆች በ2023 አንድ ሕግ አውጥቷል። ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያቸው እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ በካርታ መታየት አለበት። የአባባ ቡና ደግሞ ያለው ከዋንዛና ከብርብራ ጥላ ሥር ነው። ከሰማይ ሲያዩት ጫካ ነው የሚመስለው። "ያረጀ ዋንዛ ነፋስ ቢጥልብኝ ጫካ መነጠረ ልባል ነው ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ እዚያ አዳራሽ ውስጥ በራሳቸው አፍ እንዲጠይቁት እፈልጋለሁ። እኔ ብተረጉመውም ግድ የለም፣ ድምፁ ግን የእሳቸው ይሁን።

መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። "እሸቱ ሲቀላ ጥዬ ልሄድ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ጉባኤው የሚውለው ልክ ለቀማ ሲጀመር ነው። ለአንድ ሳምንት ዞር ቢሉ ከበሰለው ጋር አረንጓዴውም ተጎትቶ ሊወርድ ይችላል። ሴት ልጃቸው ናት "እኔ አለሁ፣ ሂድ" ያለቻቸው። እሷ ባትኖር ይኼኔ ማኅደሩ አምስት ነበር።

ስማቸው ራሱ ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ። አባታቸው መሐመድ ይባላሉ። መሐመድ በፈረንጅ ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ቁጠሪ! ፓስፖርቱ ላይ በአንድ "መ" ነው፣ ባንኩ ሁለት አድርጎታል፣ የግብዣው ደብዳቤ ደግሞ በ"ኦ" ጽፎታል። ሦስት ሰው ሆኑ ማለት ነው። ግብዣውን አስቀየርኩ፣ ባንኩን አሳረምኩ። ያኔ ለአንቺ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያይልሽ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

ባለፈው ሳምንት ስድስታችንም ተሰብስበን የባንክ ስቴትመንት ማየት ጀመርን። የአባባ ተራ ሲደርስ ሁሉም ዝም አለ። ሐምሌ ላይ የገበሬ ሂሳብ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። ከቡድናችን አንዱ፣ ደግ ልጅ ነው፣ "ችግር የለም፣ እኛ አዋጥተን እናስገባላቸው፣ ቪዛው ሲመታ ይመልሱልናል" አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። እኔ "አይሆንም!" ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ደነገጡ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሚሚዬ፣ ያን ምክር የመከርኩሽ እኔ ነኝ። ለዚያ ስልጠና አብረን ስናመለክት "ሂሳብሽ ባዶ እንዳይመስል ተበደሪና አስገቢ" ያልኩሽ እኔ ነኝ። ወንድምሽ የሱቁን ገንዘብ አምጥቶ ማመልከቻው ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው አስገባልሽ። ስድስት ወር ሙሉ ጭል ጭል ሲል የከረመ ሂሳብ በአንድ ቀን ሞላ። ወረቀቱን የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ያኔ አላወቅኩም ነበር፣ ግን የሚያውቅ ሰው መስዬ ነው የነገርኩሽ። ለአንቺ የተሰጠው የእምቢታ ወረቀት "ለመመለስ ያላት ፍላጎት ያጠራጥራል" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎበት መጣ። የእኔ ተመታ። ሄጄ መጣሁ። ስመለስ ፎቶ ላሳይሽ አፈርኩ። ስለ ጉዞው ላውራሽ አልቻልኩም፣ ባላወራሽም ውሸት ሆነብኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወር አለፈ፣ ከዚያ ዓመት። አንቺ የተቀየምሽው ቪዛ ስላገኘሁ እንደሆነ ለሰው ስናገርም ተገኝቻለሁ። ይቅር በይኝ። እኔ ነኝ የሸሸሁሽ።

ለልጆቹ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ስምሽን አላነሳሁም። ከዚያ በኋላ ስለ ማዋጣት ያነሳ የለም።

በምትኩ እንዲህ አደረግን። የአባባን ሂሳብ እንዳለ ተውነው። ገንዘቡ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገብቶ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለማዳበሪያና ለቀለብ ወጥቶ፣ ሐምሌ ላይ የሚያልቅበትን ምክንያት በአንድ ገጽ ጻፍኩ። ቡና ያስረከቡበትን ደረሰኝ በየዓመቱ ደርድሬ አያያዝኩ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን አስተረጎምኩ። የማኅበራቸው ደብዳቤ አለ። ወጪያቸውን ጋባዦቹ እንደሚችሉ ግብዣው ላይ በግልጽ አስጻፍን። መመለሳቸውን ለማስረዳት ደግሞ ያ እሸት ራሱ ይበቃል፤ ለቀማውን ትቶ ውጭ የሚቀር ገበሬ የት አለ? ይህንንም ጻፍኩት። የቪዛው ክፍያ ለአንድ ሰው 90 ዩሮ ነው፣ የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። እሱ አላስቸገረንም።

ያስቸገረን ሆቴል ነው። ጉባኤው የተገጣጠመው ከባርኮላና ጋር ሆነ። በኦክቶበር ሁለተኛው እሁድ ትሪየስቴ ላይ የሚደረግ የሸራ ጀልባ ውድድር ነው። ከሁለት ሺህ በላይ ጀልባ የወጣበት ዓመት አለ። የከተማው አልጋ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። መጨረሻ ላይ ሞንፋልኮኔ የምትባል ትንሽ ከተማ አገኘን፣ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ናት። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ካርታውን ሳየው ግን ባቡሩ ባሕሩን ከላይ እያየ ነው የሚወርደው። ወደ ትሪየስቴ ስትሄጂ ባሕሩ በቀኝ ነው። አባባ ባሕር አይተው አያውቁም። በየቀኑ በቀኝ በኩል በመስኮቱ አጠገብ አስቀምጣቸዋለሁ።

ስለ ከተማዋ ሳነብ ስንት ነገር አገኘሁ መሰለሽ! ከ1719 ጀምሮ ነፃ ወደብ ናት። ቡና ለመካከለኛው አውሮፓ በእሷ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። ቡና ማዘዣ ቋንቋቸው ራሱ ከሌላው ጣሊያን ይለያል። ኤስፕሬሶን "ኔሮ" ይሉታል፣ ጥቁር ማለት ነው። ማኪያቶ "ካፖ" ነው። እኛ በብርጭቆ የምንጠጣው ዓይነት ሲሆን "ካፖ ኢን ቢ" ይባላል። ቦራ የሚሉት ነፋስም አላቸው፣ ሲከፋ በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል። ድሮ ሰው እንዳይወድቅ መንገድ ላይ ገመድ ይዘረጉ ነበር። የሚበረታው በክረምታቸው ነው ቢባልም አባባ ጋቢያቸውን እንዲይዙ ነግሬያለሁ።

ጣሊያንኛ እንማር ብለን ማታ ማታ እንሰባሰባለን። "አውቃለሁ እኮ" አሉን አባባ። ፌርማታ፣ ጋዜጣ፣ ካልሲ፣ ማኪና። አልዋሹም፣ ሁሉም ከዚያው የመጣ ነው። የመኪና ጎማም ከጣሊያንኛ እንደሆነ ስነግራቸው "ወረዳዬን ሲጠሩ ጎማ የሚመስላቸው ለዚህ ነው" ብለው ከልባቸው ሳቁ። አንቺ ብትኖሪ ኖሮ ትምህርቱን አንቺ ነበርሽ የምትመሪው።

ጀበና ይዘን እንሄዳለን። በእጄ ነው የምይዘው። ትናንት ማታ ሞከርኩት። አንገቱን በካልሲ ጠቀለልኩ፣ ሆዱን በእናቴ አሮጌ ነጠላ፣ ውስጡን በጨርቅ ሞላሁት፣ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ አልጋ ላይ ጣልኩት። አልተሰበረም።

የፊታችን ማክሰኞ አዲስ አበባ ነን። ሰኞ በሌሊት ተነስተን በወልቂጤ እንመጣለን። ጠዋት ማመልከቻ እናስገባለን፣ ልጆቹና አባባ አሻራ ይሰጣሉ። የእኔ የዚያን ጊዜው 59 ወር ስላልሞላው ያገለግላል አሉኝ። ይህን ስሰማ ያንቺም አሻራ እዚያው መዝገብ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ተከታትለን ነው የሰጠነው። ከኋላዬ ነበርሽ፣ እጅሽ በርዶ ማሽኑ አላነብ ብሎሽ በትንፋሽሽ ታሞቂው ነበር።

ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ፒያሳ፣ ያኔ ውጤት ስንጠብቅ የተቀመጥንበት ቡና ቤት እገኛለሁ። አባባም አብረውኝ ናቸው። ካንቺ ጋር ላስተዋውቃቸው እፈልጋለሁ። ከማሳቸው የመጣ አንድ ኪሎ ቡና ይዤልሻለሁ፣ አልቆላሁትም፣ አንቺ እንደምትወጂው ራስሽ ትቆዪዋለሽ። እስከ 12 ሰዓት እጠብቅሻለሁ። መምጣት ካልሆነልሽ ቡናውን ወንድምሽ ሱቅ አደርሰዋለሁ፣ እሱንም ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

ያንቺው
አቢቲ