ወንበር በሞዴል እየተረከብን፣ የልጆቹን ሥራ በቃል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ክረምቱ ሳያልቅ አንድ ነገር እንዲስተካከል ስለምፈልግ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን እንግሊዝ አገር ካለ ትምህርት ቤት ጋር በኢንተርኔት አብሮ ይሠራል። ልጆቹ ስለ ውሃ፣ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ፣ ስለ ሰፈራቸው ታሪክ እየጻፉ ይለዋወጣሉ፤ ሲመች ደግሞ በቪዲዮ ይተያያሉ። እስከ ዛሬ ሥራውን ይመራ የነበረው አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። አሁን በጀቱ ስላለቀ ከመስከረም ጀምሮ ኃላፊነቱ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይተላለፋል ተብሏል። ይተላለፍ። እንዲያውም የራሳችን ሥራ በራሳችን እጅ ቢገባ ደስ ይለኛል። እኔን የሚያሳስበኝ አረካከቡ ነው። ስንጠይቅ የሚነገረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አካውንቱና የይለፍ ቃሉ ይሰጣችኋል።»

እዚህ አገር ዕቃ ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይሞላል። ንብረት ክፍል ያለ ፊርማ አንድ ፓኮ ጠመኔ አይሰጥም። ትክክልም ነው። ታዲያ የልጆች ፎቶ፣ ድምፅና ስም ያለበት፣ ስንት መምህር ከሥራ ሰዓቱ ውጪ የደከመበት ሥራ ያለ አንዲት ገጽ ወረቀት ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ እንዴት ማንም አይደነግጥም?

ይህን የምለው በዓይኔ አይቼ ነው። ቀድሞ በሠራሁበት ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ክበብ ነበር። አስተባባሪው መምህር ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና ክበቡን አንዲት ጎበዝ መምህርት ተረከበች። የተሰጣት የይለፍ ቃልና አንድ የኢሜይል አድራሻ ነው፤ ሌላው ሁሉ በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ቀረ። እዚያ ውስጥ ከቀሩት ነገሮች አንዱ የሰዓቱ ጉዳይ ነበር። እንግሊዞች ኦክቶበር በገባ በመጨረሻው እሑድ፣ በእኛ ጥቅምት አጋማሽ ግድም፣ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። እስከዚያ ድረስ በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 10 ሰዓት በእኛ ቀን 6 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ 7 ሰዓት ይሆናል። ይህን ለመምህርቷ የነገራት የለም።

ልጆቹ በ6 ሰዓት ኮምፒውተር ክፍል ገብተው ተቀመጡ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ የሰፈሯን ምንጭ በከለር ስላ፣ ካሜራው ፊት ለማሳየት ካርቶኑን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ጠበቁ። ማንም አልመጣም። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ክፍሉ ተቆልፎ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። በ7 ሰዓት እንግሊዞቹ ደወሉ፤ የሚያነሳ የለም። በቀጣዩ ሳምንትም እንደዚያው ሆነ። እኛ «ትተውናል» አልን፣ እነሱም «ትተውናል» ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ኢሜይሉ ቀነሰ፣ ኅዳር ሲያልቅ ጭራሽ ቆመ። ለዓመታት የተገነባ ግንኙነት አንድ መስመር ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው በማጣት ተበላሸ። እስከ አሁን ያንገበግበኛል።

እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች አስተዳደራቸው መቀያየሩ አዲስ ነገር አይደለም። የአውሮፓ ትምህርት ቤቶችን በኢንተርኔት የሚያገናኘውን ኢትዊኒንግ የተባለ ፕሮግራም እንይ። እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀመረ፤ ማዕከላዊ ድጋፉን ብራሰልስ ያለው ዩሮፒያን ስኩልኔት ሲሰጥ፣ በየአገሩ ደግሞ የራሱ አስተባባሪ ተቋም አለ። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ በ2020 መጨረሻ ከኢትዊኒንግም ወጣች። መምህራኑ ምንም አላጠፉም፤ ውሳኔው ከበላያቸው መጣ። በ2022 ደግሞ ፕሮግራሙ በሙሉ ወደ አዲስ መድረክ ተዛወረ። የኛው አገር ትምህርት ቤቶች የተሳተፉበት የብሪትሽ ካውንስሉ የትምህርት ቤቶች ማገናኛ ፕሮግራም፣ ኮኔክቲንግ ክላስሩምስም፣ የመጨረሻው ምዕራፉ ከ2018 እስከ 2021 ነበር። በመሃሉ አብሮ ገንዘብ ይሰጥ የነበረው የእንግሊዝ የልማት መሥሪያ ቤት በ2020 ከውጭ ጉዳይ ጋር ተዋሐደ፣ በ2021 ደግሞ መንግሥታቸው የውጭ እርዳታውን ከብሔራዊ ገቢው 0.7 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ አወረደ። መተግበሪያውም ቢሆን አይታመንም። ስንት ክፍል በቪዲዮ የተገናኘበት ስካይፕ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ተዘግቷል።

ገንዘብ ሰጪው ይሄዳል፣ መሥሪያ ቤቱ ይፈርሳል፣ መተግበሪያው ይዘጋል። ሊቆይ የሚችለው ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በቀጥታ የሚተዋወቁ ከሆነ ብቻ ነው። አይኧርን የሚባለውን የትምህርት ቤቶች መረብ የማደንቀው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በኒውዮርክና በሞስኮ ትምህርት ቤቶች መካከል በአንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ፋውንዴሽን ድጋፍ ነው የጀመረው። በ1994 አርጀንቲና ውስጥ ተሰብስበው የየአገሩ ማዕከላት አባል የሆኑበት ዓለም አቀፍ መረብ አደረጉት። ያኔ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሥራ ነው ተብሎ ሊቀር ይችል ነበር፤ ለባለቤቶቹ በጊዜ ስለተሰጠ ግን ዛሬም አለ።

ስለዚህ ድርጅቱንም ጽሕፈት ቤቱንም የምለምነው ይህንን ነው። አካውንቱ በግለሰብ ስልክና ኢሜይል መከፈቱ ይቅርና በትምህርት ቤቱ ስም ይሁን፤ ቢያንስ ሁለት መምህራን ይግቡበት። አንዱ ቢዛወር፣ ብትወልድ፣ ቢታመም ሌላው አለ። አስረካቢና ተረካቢ ደግሞ አንድ ወሰነ ትምህርት አብረው ይሥሩ። ይሄ ከሁሉም ይበልጥብኛል። እንግሊዝ ያለችው መምህርት አዲሱን ሰው በቪዲዮ አይታው፣ ስሙን ለምዳ፣ «ከእንግዲህ የምጽፈው ለእሱ ነው» እስክትል ድረስ ርክክቡ አላለቀም። በእነሱ በዓል መቼ ትምህርት እንደሚዘጋ፣ የኛ ገና ከእነሱ ገና 13 ቀን እንደሚዘገይ፣ ፋሲካው እንዴት እንደሚለያይ፣ መብራት ሲጠፋ በምን እንደምንገናኝ አብሮ ሲሠራ ነው የሚታወቀው። መጻፉም አይቅር።

የወላጆች ፈቃድም አለ። ወላጆች የፈረሙት ለድርጅቱ ነው። የልጃቸው ፎቶና ድምፅ ወደ ሌላ ተቋም ሲሄድ ሊጠየቁ ይገባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ «አላወቅንም» ማለት የሚቻል አይመስለኝም። ካለፉት ዓመታት የተከማቸው ቪዲዮ ምን እንደሚቀር፣ ምን እንደሚጠፋ አሁኑኑ ይወሰን። የልጆቹ ጽሑፍና ሥዕል ግን ቅጂው ለራሳቸው ይሰጣቸው፣ የእነሱ ሥራ ነውና።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ገንዘቡ ካለቀ ምን ይረከቡታል?» አለኝ። እሱ ያየው ወጪ የመምህራን ጉዞና የሆቴል ስልጠናውን ነው። ያ ቢቀር ይቀራል። ልጆቹ ድምፃቸውን በስልክ ቀድተው፣ ጽሑፋቸውን ፎቶ አንስተው በሳምንት አንዴ ለመላክ ግን የአንድ መምህር የዳታ ጥቅል ይበቃል፤ ትምህርት ቤቱም ከውስጥ ገቢው ሊሸፍነው ይችላል። በቀጥታ ለመተያየት ኔትወርክ እምቢ ባለ ጊዜ ስንሠራበት የከረምነውም እንደዚሁ ነው። የ10ኛ ክፍል ልጆቻችን እንግሊዝኛ ለመጻፍ የደፈሩት በክፍል ውስጥ እኔ ስላስገደድኳቸው አይደለም፤ እዚያ ማዶ መልስ የሚጠብቅ እኩያቸው ስላለ ነው። ይህን በሰዋስው ልምምድ ብዛት ማምጣት አልቻልኩም።

የድርጅቱ ሠራተኞች እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቢሮ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችም ቅርብ ናችሁ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ከትምህርት ቤቶቹ አስተባባሪዎች ጋር ቁጭ በሉና ተረካቢው ማን እንደሆነ በስም ይነገረን፤ ለእንግሊዞቹም በዚያው ዕለት ተጽፎ ይላክላቸው። መስከረም ከገባ በኋላ በምዝገባና በክፍል ድልድል ማንም ጊዜ የለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር