መርፌው ከምርመራው አይቅደም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በጤና ዓምዳችሁ ላይ ስለማይለቅ ድካም የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ለወራት ደክሞት የሚኖር ሰው ሰነፍ ወይም ሐሳብ የሚያበዛ እየተባለ በሚታለፍበት ሁኔታ፣ ሕመሙ የምር መሆኑን የሚመሰክርለት ጽሑፍ በጋዜጣ ላይ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነውና ጸሐፊው ሊመሰገኑ ይገባል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በመጨረሻው ላይ ድካም የሚሰማው ሁሉ የቫይታሚን እንክብል እንዲጀምር፣ ካልተሻለውም መርፌ እንዲወጋ መምከሩ በእጅጉ አሳስቦኛል። በሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሠራሁ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ ይህ ምክር ምን እንደሚያስከትል በየጊዜው ስለማየው የሚከተለውን አስተያየት እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ።

የቫይታሚን ቢ12 መጠኑ እንዲለካ ታዞለት ወደ እኛ የሚመጣ ሰው፣ ክንዱ ታስሮ ደም ሊቀዳለት ሲል የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ስንጠይቀው፣ የቢ12 መርፌውን ከጀመረ መሰንበቱን የሚነግረን ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከእንዲህ ያለ ሰው የተቀዳ ደም ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመደበኛው በላይ ሆኖ ይወጣል። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ የለካው ግን የተወጋውን መድኃኒት ነው። ሰውየው ከመርፌው በፊት እጥረት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን ከዚያ በኋላ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ ሐኪሙም ሕክምናው ለምን ያህል ጊዜ መቀጠል እንዳለበት የሚወስንበት መነሻ ያጣል።

ነገሩ ክብደት የሚኖረው የእጥረቱ መንስኤ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ነው። ቢ12 ከምግብ ወደ ደም እንዲገባ ጨጓራ የሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሰውነት መከላከያ ይህንኑ ፕሮቲንና የሚያመነጩትን ሕዋሳት ስለሚያጠቃ፣ ምንም ያህል በደንብ ቢመገቡ ቫይታሚኑ ወደ ደማቸው አይዘልቅም። ቢ12 ለደም ሕዋሳት መፈጠር ስለሚያስፈልግ እጥረቱ የደም ማነስ ያመጣል፤ በዚህ ምክንያት የሚመጣው የደም ማነስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ጆርጅ ማይኖት እና ዊልያም መርፊ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሕሙማኑን ጉበት በማብላት ሊረዷቸው እንደሚቻል እስካሳዩበት ጊዜ ድረስ ገዳይ ነበር፤ ለዚሁ ሥራቸውም በ1934 ከጆርጅ ዊፕል ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ዛሬ ሕክምናው ቀላል ቢሆንም ለእነዚህ ሕሙማን ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ ጥቂት መርፌ ተወግቶ፣ ተሻለኝ ብሎ ያቆመ ሰው እጥረቱ ቆይቶ ይመለስበታል፤ ያን ጊዜ የአሁኑን ድካም ከቀድሞው ጋር የሚያያይዝለት ሰነድ አይኖርም። ጨጓራው በቀዶ ሕክምና የተነሣለት፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ጨርሶ የማይበላ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ወይም ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለዓመታት የሚወስድ ሰውም ለዚሁ እጥረት ይጋለጣል፤ ነገር ግን የእያንዳንዳቸው ሕክምናም ሆነ ክትትል አንድ ዓይነት አይደለም።

የቢ12 እጥረት የሚጎዳው ደምን ብቻ አለመሆኑንም አንባቢ ቢያውቀው መልካም ነው። እግር ይደነዝዛል፣ ጣቶችን ይነዝራል፣ በጨለማ ሲራመዱ ሚዛን ይስታል፣ መርሳት ይበዛል። ፎሊክ አሲድ የተባለው ሌላ ቫይታሚን በብዛት ያለበትን እንክብል በራሱ ፈቃድ የሚወስድ ሰው የደም ማነሱ ሊስተካከልለት ይችላል፤ ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን መጎዳቱን ሊቀጥል ይችላል፣ የዘገየ የነርቭ ጉዳትም ሙሉ በሙሉ ላይድን ይችላል። በመሆኑም እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ያለ ሕክምና ይጠብቅ እያልኩ አይደለም። ደሙ አስቀድሞ ይቀዳ፣ መርፌውም በዚያው ቀን ይሰጠው። በሁለቱ መካከል የሚያስፈልገው የደቂቃዎች ልዩነት ብቻ ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው የብረት ማዕድን እጥረትን ነው፤ በእኔ እምነት ትልቁ ክፍተቱም ይህ ነው። ደረጃ ስትወጣ የሚያለከልካትና ፀጉሯ የሚረግፍ አንዲት ወጣት ያመጣችው የውጤት ወረቀት ዛሬም ትዝ ይለኛል። ሄሞግሎቢኗ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ብረት ያለበት ፕሮቲን) በዴሲሊትር 12.4 ግራም ስለነበር «ደምሽ ደህና ነው» ተብላ ተሸኝታ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ላልሆኑ ሴቶች ያስቀመጠው የሄሞግሎቢን ዝቅተኛ መጠን 12 በመሆኑ አባባሉ ከቁጥሩ አንጻር ስሕተት አልነበረውም። ሌላ ሐኪም የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን የተባለ ፕሮቲን እንዲለካላት ሲያዙ ግን የተገኘው በሊትር 8 ማይክሮግራም ነበር፤ ድርጅቱ የብረት ክምችት አልቋል የሚለው በአዋቂ ሰው ከ15 በታች ሲሆን ነው፣ ብዙ ሐኪሞችም ከ30 በታች ያለውን በጥርጣሬ ያዩታል። ክምችቱ የሚያልቀው ሄሞግሎቢን ከመውረዱ አስቀድሞ ስለሆነ፣ ሰው የደም ማነስ ሳይኖርበት በብረት እጥረት ሊደክም ይችላል። በአንጻሩ ደግሞ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ብግነት ያለበት ሰው ፌሪቲኑ በሐሰት ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ውጤቱን ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር አገናዝቦ የሚያነብ ሐኪም ያስፈልጋል። ወንድ ወይም የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት የብረት እጥረት ከተገኘባቸውም፣ እንክብል አዝዞ መሸኘት ከባድ ግድፈት ነው፤ ደሙ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ካንሰርም ከምክንያቶቹ አንዱ በመሆኑ፣ ምንጩ መፈለግ አለበት።

ጽሑፉ ስለ ቫይታሚን ዲ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። እጥረቱ የአጥንት ሕመምና የጡንቻ መዛል ማምጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በስብ ውስጥ የሚከማች በመሆኑ ሳይለኩ በከፍተኛ መጠን መውሰዱ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከልክ በላይ አንሮ ኩላሊትን ይጎዳል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የተባለው ቫይታሚንም የታይሮይድ ምርመራን ውጤት ሊያዛባ ስለሚችል፣ ደም የሚሰጥ ሰው የሚወስደውን እንክብል ሁሉ «ቫይታሚን እኮ ነው» ብሎ ሳይተው ለባለሙያው እንዲናገር እለምናለሁ።

ድካም ሁሉ ከቫይታሚን የመጣ እንዳልሆነም ዓምዱ በግልጽ ሊናገር ይገባ ነበር። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመም፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ድብርት፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ ሁሉም ሰውን ያዝላሉ። ይህ ሁሉ ተመርምሮ ምንም ሳይገኝ ድካሙ ከስድስት ወር በላይ የሚቀጥልባቸው፣ ተኝተው ሲነሱ እረፍት ያላገኙ የሚመስላቸው፣ ከትንሽ ሥራ በኋላ ደግሞ ለቀናት የሚወድቁ ሰዎችም አሉ። ሥር የሰደደ የድካም ሕመም (በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ME/CFS) የሚባለው ይህ ሕመም በላቦራቶሪ የሚረጋገጥበት መሣሪያ እስካሁን የለንም፤ ሐኪም የሚለየው ታሪኩን በጥንቃቄ በመስማት ነው። እነዚህን ሰዎች ተነሱና ስፖርት ሥሩ ማለት ሊያብስባቸው ይችላል። የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ለእነዚህ ሕሙማን እንቅስቃሴን በተወሰነ ዕቅድ ደረጃ በደረጃ የመጨመር ሕክምና እንዳይሰጥ ያደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው። «ምርመራህ ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል ለእነርሱ የምሥራች ሳይሆን መባረሪያ ሆኖባቸዋል፤ እኛ ቁጥር ስላላገኘንላቸው ሕመማቸውን የመካድ መብት የለንም።

ስለሆነም ዓምዱ በቅርብ በሚወጣ እትም የቀደመውን ምክር እንዲያርም፣ አንባቢም እንክብልም ሆነ መርፌ ከመጀመሩ በፊት ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ፌሪቲን፣ ቢ12 እና የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን እንዲጠይቅ፣ ውጤቱንም በወረቀት ተቀብሎ እንዲያስቀምጥ እንድታሳስቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ